ምስጥ የበላው አሜሪካ

በዚያ ዘመን በጋምቤላ ከተማ አሜሪካን ሳያይ የሚያውቃት ሰው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ሁሉም ጣቱን ወደ እኔ ቤት ይቀስር ነበር። ይህን ስል ጉራ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ጉራ አይደለም፤ ምስክር አለኝ። ከምስክሮቼ ግማሾቹ ሞተዋል፣ የቀሩት ደግሞ ስለዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር መነጋገር አይወዱም። ቢሆንም ምስክር ምስክር ነው።

ትምህርት ቤት የገባሁት በር ልገጥም እንጂ ልማር አይደለም። ከጎሬ ቁልቁል ወርጄ ባሮ ዳር የሰፈርኩ አናጢ ነኝ። አማርኛ ማንበብ የተማርኩት በዕቃ ሣጥኖች ላይ ከተጻፈው ነው፤ እንግሊዝኛውን ደግሞ ሚሲዮኖቹ ቤት መደርደሪያ ስሠራ የመጻሕፍቱን ጀርባ እያየሁ ለቃቀምኩት። አብዮቱ መጥቶ ሚሲዮኖቹ አገር ሲለቁ ዕቃቸውን ያሸጉበትን ሣጥን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። እነሱም የሚፈልጉትን መጻሕፍት ወስደው የተረፈውን አንድ ሣጥን ሙሉ ለእኔ ተዉልኝ። አብዛኛው መዝሙርና የዶሮ እርባታ ነበር። አንዱ ግን አሜሪካኖች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ነው። እኔን ሰው ያደረገኝ እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በጋምቤላ ከእኔ የበለጠ የምስጥ ጠላት የለም። የማቆመው ቋሚ ሁሉ እግሩ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ሳይነከር ምድር አይገባም፤ እኔ የሠራሁት ቤት ዛሬም ቆሟል፣ ሌላው የሠራውን ሄዳችሁ እዩት። የመጽሐፉን ሣጥን ግን ዘይቱ ወረቀቱን ያበላሽብኛል ብዬ እንዲሁ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። ንባቤ ደግሞ የተማሩ ሰዎች እንደሚያደርጉት የችኮላ አልነበረም። እያንዳንዱን ቃል ከመዝገበ ቃላት እየፈለግኩ፣ እያላመጥኩ ነው የማነበው። እናም እኔ ከፊት እያነበብኩ፣ ምስጡ ከኋላ እየበላ፣ መካከል ላይ ተገናኘን።

የተገናኘንበት ቦታ ጥሩ ቦታ ነበር። የአሜሪካ አባቶች ሰብሰብ ብለው ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል ብለው ጽፈው ፈርመዋል፤ ንጉሡን ተዋግተው አሸንፈዋል። ከዚያ በኋላ ያለው አፈር ነው። መጽሐፉን ሳነሳው የኋላው ግማሽ እጄ ላይ ተናደ።

ብዙም አላዘንኩም። እኩልነት ከታወጀ፣ ንጉሡም ከተሸነፈ፣ የቀረው ምን ሊሆን ይችላል? እርሻና ፋብሪካ ነው። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ታሪኩን እስከዚያ ድረስ አሳምሬ እነግርና «ከዚያስ?» ሲሉኝ «ከዚያማ በእኩልነት ኖሩ» እላቸው ነበር። ማንም አልተከራከረኝም።

ደርግ ወድቆ ጋምቤላ ክልል ስትባል የእኔ ዕውቀት ዋጋ አገኘ። ትናንት ከሌላ ከተማ በሚመጣ ፊርማ ስትተዳደር የኖረች ከተማ ባንዲራ፣ ምክር ቤትና ቢሮ አገኘች። ቢሮ ሲበዛ ጠረጴዛ ይበዛል፤ ጠረጴዛ ሲበዛ አናጢ ይበላል። ስለዚህ ለአዲሱ ሥርዓት የነበረኝ ድጋፍ ከመጀመሪያውም ጠንካራ ነበር። ስብሰባውም በዛ። የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ በየቀበሌው ሲነበብ እኔ ከፊት ተቀምጬ፣ እጄን አውጥቼ፣ «አሜሪካኖች ይህን ነገር እንዴት እንደጻፉት ልንገራችሁ» ሳልል የወጣሁበት ስብሰባ አላስታውስም። አወያዮቹ ስሜን ሳይሆን እጄን ያውቁት ነበር።

ከተማው ሁሉ ሕግ ሲጽፍ የሰፈራችን ዕድርም ወደ ኋላ አልቀርም አለ። የዕድራችን አባላት በመንግሥት ሥራ ተመድበን ወይ ሥራ ፍለጋ የወረድን ደገኞች ነን፤ መምህራን፣ የጤና ሠራተኞች፣ ጸሐፊዎች። ዳኛው ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነበር፤ ሁላችንም ሃምሳ አለቃ ነው የምንለው። የድሮው መተዳደሪያ ደንብ በደርግ መፈክር ስለሚጀምር ማንበብ አሳፋሪ ሆኖ ነበር። ሃምሳ አለቃ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ አናጢ፣ ለዚህ ነገር መግቢያ የሚሆን በር ሥራለት» አለኝ።

ሠራሁለት። እንዲህ ይላል፤ «በዚህ ሰፈር የሚኖር ሰው ሁሉ በሐዘን ጊዜ እኩል ነው፤ ሬሳው በክብር ይሸኛል፤ ሐዘንተኛውም ከዝናብና ከፀሐይ ይጠለላል።» ሐሳቡን ከአሜሪካኖቹ ወስጃለሁ፤ ዝናቡ የራሴ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ዕድሩ እኔ ግቢ ተሰብስቦ ስለነበር ቆሜ አነበብኩት። ድምፄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬም ቢሆን ጥሩ ነው። ጭብጨባው ሳያልቅ ሁለተኛ አነበብኩላቸው።

ያ እሑድ በሌላም ነገር አይረሳኝም። ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ነበር። አንድ ካድሬ ክልሉ የብሔረሰቦቹ መሆኑን፣ የእኛ የደገኞቹ ነገር ደግሞ «እየተጠና» መሆኑን አስረዳ። ሃምሳ አለቃ ከመቀመጫው ተነሣ። ቀይ ሰው ነው፤ ሲቆጣ ይበልጥ ይቀላል።

«እኛ ሰው አይደለንም ወይ?» አለ። «እዚህ አርጅተን፣ እዚህ ወልደን፣ እዚህ ቀብረን! ግብር ስትሰበስቡ ነዋሪ፣ ድምፅ ስንጠይቅ እንግዳ?»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ወደ ቤት ስንመለስ ንግግሩ አሜሪካኖች ለንጉሣቸው ከተናገሩት ጋር ቁርጥ አንድ መሆኑን ነገርኩት። ደስ አለው። «ትልቅ ሰው የትም አገር አንድ ነው» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ የደንቡ መግቢያ ጸድቆ ሰው ሊበተን ሲል፣ የግቢዬ በር ተንኳኳና ጎረቤቴ ገባች። ከሸምበቆ አጥሬ ማዶ የምትኖር አኙዋክ ሴት ናት። በሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ባሏ ሞቶባት ከአሮጊት እናቷ ጋር ትኖራለች። እናቷ እኛ ሁላችን ከመምጣታችን በፊት፣ ዛሬ ሰፈር የምንለው ቦታ ላይ በቆሎ ትዘራ እንደነበር ሰምቻለሁ።

«ደህና ዋላችሁ» አለች። «ዕድር ልገባ ነው የመጣሁት።»

«የምን ዕድር?» አለ ሃምሳ አለቃ።

«የእናንተን። አሁን ጋሼ ያነበበውን።»

«አጥር ተደግፈሽ ታዳምጫለሽ?»

«ጋሼ ሲያነብ ባሮ ማዶም ይሰማል። እና ጆሮዬን ልስፋው?»

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እናቷ ከታመመች መሰንበቷን፣ ሆስፒታሉም ከእንግዲህ ቤቷ ብትሆን ይሻላል ብሎ እንዳሰናበታት ነገረችን። «ክረምት ነው» አለች። «ዘመዶቼ ከአቦቦ ይመጣሉ፣ ከኢታንግ ይመጣሉ፤ ብዙ ቀን ይቀመጣሉ። ቤቴ አንድ ክፍል ነው። ሽማግሌዎቹን ዝናብ ላይ ላስቀምጣቸው? ድንኳን እናንተ ጋ ብቻ ነው ያለው።»

«እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ» አለ ሃምሳ አለቃ። «ግን የእናንተ ወገን የራሱ ወግ አለው። ቤተ ክርስቲያናችሁም አለች።»

«ቤተ ክርስቲያናችን መዝሙር አላት። ድንኳን የላትም።»

«ደግሞ ዕድር የሚገባው በአባወራ ነው።»

«አባወራዬ ተቀብሯል። ቀስቅሼ ላምጣው?»

አሁን ማንም አልሳቀም። ሃምሳ አለቃ አንገቱን አከከ፤ ከዚያ ችግር የገጠመው ሹም እንደሚያደርገው ነገሩን ወደ ባለሙያ መራው። «አንተ ምስጥ የበላው ሊቅ!» አለኝ። «ሰው ሁሉ ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ። አሜሪካኖቹ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣባቸው ምን አደረጉ?»

ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ሆነ። የእኔ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይመጣ ነው ያለቀው። ያልተማረ ሰው ቢሆን ይቀባጥር ነበር። እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠርጌ «ነገሩ ጥናት ይጠይቃል» አልኩ። ቃሏን ጠዋት ከካድሬው ነው የተማርኳት፤ የተማርኩትን ወዲያው ሥራ ላይ አውላለሁ።

ሴትዮዋ አየችኝ። «እናቴ ጥናት አትጠብቅም፣ ጋሼ» ብላ ወጣች።

ማታ እራት ላይ ሚስቴ ወጡን ስታቀርብ ሳህኑን ከወትሮው ጠንከር አድርጋ አስቀመጠችው። «የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደ ዕለት ውኃ ቀድታ ያመጣችልኝ ማን ናት? አሁን እሷን ለመቅበር አሜሪካ ይጠየቃል?»

«የምትቀበረው እሷ አይደለችም፣ እናቷ ናት» አልኳት።

«በል ብላ» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን ፑኝዶ ሄድኩ። በስደተኞቹ ጣቢያ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ የሚቀመጡባቸው አግዳሚዎች ተሰባብረው ስለነበር እንድጠግናቸው ተጠርቼ ነው። ከአቦቦ ወዲያ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ የጭነት መኪናው ከሄደበት የተገፋበት ይበልጣል። እኔ እንዴት መገፋት እንዳለበት ከላይ ሆኜ እየመራሁ ደረስን።

የታሪክ መምህሩ ከሱዳን ተሰድዶ የመጣ ረጅም ሰው ነበር፤ አማርኛውን ጣቢያው ውስጥ ነው የለመደው። ጠረጴዛው ላይ ሽፋን የሌለው ወፍራም መጽሐፍ አየሁ። ሥዕሎቹን፣ የወረቀቱን ቀለም ባየሁ ጊዜ መዶሻዬን አስቀመጥኩ። የእኔው መጽሐፍ ነው! በሌላ አልጋ ሥር ያደገ መንታ ወንድሙ።

«ይህን ከየት አገኘኸው?»

«ከአገሬ። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት» አለ። «ተሸክሜው ነው የመጣሁት። ወንዝ ስንሻገር ግን የፊቱን ውኃ ወሰደው። የኋላው ብቻ ቀረኝ።»

የእኔን የኋላ ምስጥ እንደወሰደው ነገርኩት። የእሱ ወንዝ ከመጽሐፍ በላይ የወሰደበት መሆኑን ፊቱ ይናገር ነበር፤ አልጠየቅኩትም።

«ታዲያ የአንተ ከየት ነው የሚጀምረው?» አልኩት።

«ከጦርነቱ።»

«ከንጉሡ ጋር ካደረጉት?»

«የምን ንጉሥ? እርስ በርስ ከተዋጉት እንጂ።»

ሳቅኩ። «ተሳስተሃል፣ ወንድሜ። አሜሪካኖች እርስ በርስ አይዋጉም። እኩል ናቸው።»

መምህሩ ሚስቴ በምታየኝ ዓይነት አየኝ። ከዚያ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና እየተረጎመ ያነብልኝ ጀመር። እኔ አግዳሚ እጠግናለሁ፣ እሱ ያነባል። ያን ዕለት የጠገንኩት አግዳሚ ጥቂት ነው።

ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ከፈረሙት ብዙዎቹ ለካ ባሪያ ነበራቸው። ለንጉሡ «እንደ ባሪያ አትግዛን» ብለው ሲጽፉ ቀለሙን ያቀረበላቸው ባሪያ ሊሆን ይችላል። ሕግ ሲያወጡም የጌቶቹን የምክር ቤት ድርሻ ለማብዛት ባሪያውን ቆጠሩት፤ ግን እንደ ሙሉ ሰው አይደለም፣ ከአምስት ሦስት እጁን ብቻ። መምህሩ ይህን ያወቀው ሕጉ ኋላ መሻሩን ከሚናገረው ገጽ ነው። ከዚያ ጦርነት መጣ፤ ወንድም ወንድሙን ጨረሰው፤ ባርነት ቀረ። ነፃ የወጣው ሰው ድምፅ ልስጥ ሲል በሰበብ አስባቡ በር ዘጉበት። ሴቶቹ ደግሞ «እኛስ?» ብለው በፕሬዚዳንቱ ግቢ በር ላይ ቆመው እስር ቤት ገቡ። ከሁሉም በፊት ምድሪቱ ላይ የነበሩት ሰዎች የአገሪቱ ዜጎች ናችሁ የተባሉት ከሁሉም በኋላ ነው። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላም የባሪያዎቹ የልጅ ልጆች ሰልፍ ወጥተው ውሻ ተለቀቀባቸው፣ የእሳት ማጥፊያ ውኃ ተረጨባቸው።

አሜሪካን ያህል አገር ስንት ዘመን በልቤ ሳስውባት ኖሬ አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ስትራቆትብኝ ምን እንደተሰማኝ አልናገርም። ተቆጣሁ። «ታዲያ ውሸታሞች ናቸዋ!» አልኩት።

«አላውቅም» አለ መምህሩ። «እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሁሉም፣ ባሪያውም፣ ሴቷም፣ ሰልፈኛውም፣ "ቃል የገባችሁትን ፈጽሙ" ነው የሚሉት። "ይህ ቃል ልክ አይደለም" ያለ የለም። ያ ቃል ያለበት ገጽ ግን ወንዝ ውስጥ ቀረ። ሁልጊዜ ምን ይሆን እላለሁ። ምን ነበር?»

ተነሣሁ። መዶሻዬን አስቀመጥኩ፤ ኮቴን ቆለፍኩ። ያችን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ በቃሌ አልኩለት፤ ቀጥዬ በአማርኛ። ሰምቶኝ ሲያበቃ ሁለተኛ በልልኝ አለኝ፤ ደገምኩለት።

«ይኸው ነው?» አለ። «ያ ሁሉ ሰው የሞተው ለዚህች ነው?»

«በእንግሊዝኛው ትንሽ ረዘም ትላለች» አልኩት።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰርጉን ሳወራ ኖሬያለሁ፤ እሱ የሚያውቀው የትዳሩን ጭቅጭቅ ብቻ ነው። ለአንድ ትዳር ሁለት ምስክር ሆነን ስንገናኝ ግን ነገሩ ተሟላ። ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው ይህን ዕድል አያገኝም፤ እሱ መጽሐፉን ሙሉውን በአንድ ጊዜ ያነበዋል።

ከፑኝዶ ስመለስ አሮጊቷ ብሶባት ነበር። በአጥሩ በኩል ስታቃስት ይሰማል፤ ልጇም ከሆስፒታል በመጣች ቁጥር «ጋሼ፣ ጥናቱ አለቀ?» ትለኛለች። ሃምሳ አለቃ ዕድሩን እንዲሰበስብ ነገርኩት። ሲሰበሰቡ ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳኋቸው። እንዲህ የተናገርኩበት ቀን ጥቂት ነው። ጦርነቱ ጋ ስደርስ ከኋላ የተቀመጡት ወደ ፊት ተጠጉ። «ስለዚህ» አልኩ፣ «አባቶቹ ሲጽፉ ያላሰቧቸው ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ መጥተው በዚያችው ዓረፍተ ነገር በር ገብተዋል። የእኛም በር ተንኳኩቷል።»

ሃምሳ አለቃ ጥቂት አሰበ። «ስንት ዘመን ፈጀባቸው አልከኝ?»

«ከመቶ ዓመት በላይ። እንዲያውም ገና አልጨረሱም።»

«እንግዲያው እኛ ምን ያስቸኩለናል?»

ከሁሉም ነገር ይህን ብቻ ነው የያዘው። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከአሜሪካ መቅደም ድፍረት ይመስል። «እነሱ አገር ነው የሚያስተካክሉት፣ እኛ እኮ ድንኳን ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ያኔ አንድ መምህር አስታራቂ ሐሳብ አመጣ። ሴትዮዋ ከመጀመሪያ ጀምራ አላዋጣችም፤ ግን ጎረቤት ናት። ስለዚህ ድንኳኑ ይሰጣት፤ አግዳሚው፣ ድስቱና ጡሩምባው ግን ለአባል ብቻ ይሁን።

«ይኸ ቁርጥ ከአምስት ሦስት እጅ ነው!» አልኩ በንዴት።

«አያችሁ?» አለ ሃምሳ አለቃ ፊቱ በርቶ። «አሜሪካኖቹም እንዲሁ አድርገዋል!» በአንድ ድምፅ ጸደቀ።

መልእክቱን ያደረስኩላት እኔ ነኝ። አጥሩ ጋ ቆማ የታጠበ አንሶላ ታሰጣ ነበር።

«ድንኳን ያለ አግዳሚ?» አለች።

«ለጊዜው ነው። ታሪክ ቀስ በቀስ ነው የሚሄደው።»

«ታሪክ ይሂድ። እንግዳ ግን መቀመጥ ይፈልጋል።» አንሶላውን አራገፈችውና ውኃው ፊቴ ላይ ተረጨ፤ ሳታስበው ይመስለኛል። «ይሁን፣ ጋሼ። ምንጣፍ አለን። እናንተም መምጣታችሁ አይቀርም።»

አሮጊቷ ያረፈችው ከጥቂት ቀን በኋላ ማለዳ ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጠዋትም አላባራም። ጡሩምባ አልተነፋም፤ ግን ልቅሶው በአጥሩ አልፎ ሰፈሩን አዳረሰው። ድንኳኑን ተከልንላት። ዘመዶቿ ጭቃውን እየረገጡ መጡ፤ ሽማግሌዎች፣ ሕፃን ያዘሉ ሴቶች፣ መዝሙር የሚያወጡ የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች። ምንጣፋቸውን አንጥፈው ተቀመጡ። ከቀብር ስንመለስም ዝናቡ እንደዚያው ነበር፤ ከድንኳኑ ጠርዝ የሚወርደው ውኃ ሥር ሥሩን እየሄደ ምንጣፉን ያረጥበዋል።

እኛም ገባን። ጎረቤት ሞቶበት ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ከነነውሩ ይኖራል፤ የዕድር ውሳኔ ያንን አይሽረውም። በሐዘን ቤት መካከል ቆሞ መቅረት ነውር ነው፤ እንደገቡ መውጣትም ነውር ነው። ለእኛም ደረቅ የተባለውን ምንጣፍ አነጠፉልንና «ተቀመጡ» አሉን። ተቀመጥን። ሃምሳ አለቃ ብቻ አልቻለም። ጉልበቱ ከፖሊስነቱ ጊዜ ጀምሮ አይታጠፍም። ወደ ታች ሞከረ፣ መንገድ ላይ ቀረ፣ የእኔን ትከሻ ይዞ ተመልሶ ቆመ። ሰው ሁሉ ምድር ላይ ሆኖ እሱ ብቻ በኮቱ፣ በባርኔጣው፣ ከሁሉም በላይ ተገትሮ ቀረ።

የሟቿ ወንድም በጣም ያረጁ ሰው ነበሩ። በአካባቢው ሽማግሌዎች ወግ ከእጃቸው የማትለይ ትንሽ የእንጨት መቀመጫ አለቻቸው፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለችው መቀመጫ እሷ ብቻ ናት። በእጃቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ፤ መቀመጫዋን ከሥራቸው አውጥተው በእጅጌያቸው ጠረጓትና ሃምሳ አለቃ እግር ሥር አኖሩለት። አማርኛ ብዙ አያውቁም። «አንተ ተቀመጥ» አሉት። ከዚያ እርጥቡ ምንጣፍ ላይ ዝቅ አሉ።

ሃምሳ አለቃ ተቀመጠ። እንቢ ማለትም አይቻልም። የሽማግሌው ሱሪ ውኃውን ሲጠጣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሴትዮዋ ከማዶ ጥግ ሆና ወደዚህ አላየችም። እኔ የሃምሳ አለቃን ፊት አየሁ፤ ቀላ፣ ከዚያም ሲገረጣ አየሁት፤ የቀበሌው ስብሰባ ላይ እንኳ እንዲህ አልሆነም። ለአፍታ ያህል ከተቀመጠ በኋላ ድንገት ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ አናጢ፣ ምን ተጎልተሃል?» አለኝ በተጨነቀ ድምፅ። «አግዳሚዎቹን አምጣቸው!»

«ስንቱን?»

«ስንቱን ይለኛል! ሁሉንም! ድስቱንም! ጡሩምባ ነፊው የታለ? ለእናታችን ጡሩምባ ሳይነፋ ቀረ እንዴ? በሉ ሂዱ!»

ዕድርተኛው ዝናቡን እየሰነጠቀ ሮጠ። አግዳሚዎቹን የሠራኋቸው እኔ ነኝ፤ ከባድ ናቸው፤ ጥሩ እንጨት ስለሆነ ነው። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አስቀመጥናቸው። ጡሩምባው ከቀብር በኋላ መነፋቱ ሥርዓት አይደለም፤ ቢሆንም ተነፋ፤ ሰፈሩም ደንግጦ ደግሞ ማን ሞተ አለ። ሴትዮዋ መቀመጫዋን ለአጎቷ ስትመልስ በእኔ በኩል አለፈች። «ጥናቱ አለቀ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከዚያ ወደ እናቷ ልቅሶ ተመለሰች፤ እስከዚያ ሰዓት እንግዳ ስታስተናግድ በወጉ አላለቀሰችም ነበር።

አሜሪካኖቹን ያን ያህል ደም ያስከፈለ ነገር በእኛ ሰፈር በአንድ የማይታጠፍ ጉልበትና በአንዲት ትንሽ መቀመጫ አለቀ። የፑኝዶውን መምህር ሳገኘው ይህን ነገርኩት፤ ከመጽሐፉ መጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ እጽፈዋለሁ አለኝ ወይ ጻፍኩት አለኝ፣ ትክክሉን አላስታውስም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሙሉ አባል ሆነች። የጻፍኩት መግቢያ ላይ አንድ ፊደል እንኳ አልተለወጠም፤ መለወጥም አላስፈለገውም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ሃምሳ አለቃ እስኪሞት ድረስ ሐሳቡ የእሱ እንደነበር ለከተማው ሲያወራ ኖረ። እውነቱን ለሚፈልግ ግን፣ እኔ ገና ስጽፈው እሷንም አስቤ ነው። ሚስቴ ይህን ስናገር ሁልጊዜ ሳል ይይዛታል።

የዕድሩ ብርቱ ሰው እሷ ሆነች። ሃምሳ አለቃን በማርፈዱ ቅጣት ያስወሰነችበት እሷ ናት። አግዳሚ ወስዶ ያልመለሰን ሰው በሩ ድረስ ሄዳ ታስነሣዋለች። ከእኛ በላይ የደነገጠ አልነበረም፤ ደንብ የሚያስከብር ሰው ጠፋ እያልን ስናማርር የኖርነው ግን እኛው ነን።

ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲገባ ከዲማ የወርቅ ቁፋሮ የመጣ አንድ ደገኛ ከነሚስቱ ሰፈራችን ቤት ተከራየና ዕድር ልግባ አለ። ስብሰባው እሷ ግቢ ነበር። ሁላችንም እሺ ልንል ስንል እጇን አነሣች።

«ትናንት የመጣ ሰው ነው» አለች። «ነገ ወርቅ አለ ሲሉት ይሄዳል። ድንኳናችንን ለመንገደኛ ነው የምንሰጠው? ይቆይና ይታይ።»

ሃምሳ አለቃ ወደ እኔ ዞሮ ቅንድቡን አነሣ። እኔ ያን ዕለት አልተናገርኩም፤ መናገር ያለብኝን ጊዜ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ማታ ግን፣ ልብሷን ከገመድ ስትሰበስብ ጠብቄ፣ አጥሩ ጋ ቆምኩና ያንን መግቢያ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ በሙሉ ድምፄ አነበብኩት። ዝናቡ ጋ ስደርስ አንሶላው እጇ ላይ ቆመ።

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ» አለች ከማዶ። «አትጩህ። ነገ ይግባ በለው።»